«ፑት ኦፍ» ማስተላለፍ ብቻ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። በቅርቡ ለጥራት ተቆጣጣሪነት የውስጥ ዕድገት ማስታወቂያ ወጣና እኔና አንዲት ጓደኛዬ ልንወዳደር ተነሳን። ማስታወቂያው የተለጠፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። መጨረሻው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አንዱ «ዘ ኢንተርቪው ሃዝ ቢን ፑት ኦፍ አንቲል ሰርዝዴይ» ይላል። ይሄ ገብቶናል። ፑት ኦፍ ማስተላለፍ እንደሆነ ትምህርት ቤት ተምረናል፣ ስለዚህ ኢንተርቪው ወደ ሐሙስ ተላልፏል ማለት ነው። ሁለተኛው ግን «ፕሊዝ ዶንት ቢ ፑት ኦፍ ባይ ዘ ሎንግ ፎርም» ይላል። ጓደኛዬ «ፎርሙም ተላልፏል፣ አሁን አትሙሉ ነው የሚለው» ብላ ሳትሞላ ቀረች። እኔ ግራ እንደገባኝ ሞልቼ አስገባሁ። ሐሙስ ዕለት ስንሄድ እኔ ገባሁ፣ እሷ ስምሽ የለም ተባለች። እስካሁን ከፍቷታል። ጋሼ፣ አንድ ቃል እንዴት ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ነገር ይሆናል? እንዴትስ ነው የምንለየው?

መልስ፦ ደኅና ነኝ እህቴ፣ ዱዓሽ አይለየኝ።

የጓደኛሽ ነገር አንጀቴን በላው። አብሽሪ በያት። ሰነፍ ሆና አይደለም የቀረችው። ፑት ኦፍ ማስተላለፍ ነው ተብላ ተምራለች፣ የተማረችውን አምና ሥራ ላይ አዋለችው። ችግሩ ትምህርት ቤት የነገሩን ከትርጉሞቹ አንዱን ብቻ መሆኑ ነው፤ ያንኑ አንዱን ደግሞ በደንብ ስላጠናነው ሌላ ይኖራል ብለን አንጠረጥርም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ቅጹ ረዘመ ብላችሁ እንዳትተዉት» ማለት ነው። ሙሉ ብሎ እየለመናችሁ ነበር። ጓደኛሽ የተረዳችው የዚህን ፍጹም ተቃራኒ ነው።

አሁን እንዴት እንደሚለይ ልንገርሽ። ፑት ኦፍን ስታዪ ትርጉሙን ለማስታወስ አትሩጪ። መጀመሪያ «ፑት ኦፍ የተደረገው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ጉዳይ ከሆነ፣ ማለትም ስብሰባ፣ ሠርግ፣ ፈተና፣ ጉዞ፣ ውሳኔ፣ ክፍያ ከሆነ፣ ተላለፈ ማለት ነው፣ አለቀ። ሰው ከሆነ ግን ማስተላለፍን እርሺው። ሰው ወደ ሐሙስ አይተላለፍም።

ይህን ይዘሽ ወደ ማስታወቂያው ተመለሺ። በመጀመሪያው ፑት ኦፍ የተደረገው ኢንተርቪው ነው፣ ኢንተርቪው ጉዳይ ነው፣ ተላለፈ። በሁለተኛው ግን ማን ነው ፑት ኦፍ እንዳይሆን የተባለው? እናንተ ናችሁ። ትእዛዝ ስለሆነ «ዩ» የሚለው ቃል አልተጻፈም፣ እኛም «አትሂጂ» ስንል «አንቺ» ብለን እንደማንጨምረው ማለት ነው። ጓደኛሽን ያሳሳታት ይሄ የተደበቀ «ዩ» ይመስለኛል። ዓይኗ ያረፈው መጨረሻ ላይ ባለው «ፎርም» ላይ ነው፤ ፎርሙ ግን «ባይ» ከምትለው ቃል በኋላ ነው የመጣው፣ «ባይ» ደግሞ አድራጊውን ነው የምታመለክተው። የሚያሸሸው ፎርሙ ነው፣ የሚሸሸው አንባቢው።

ሁለቱ ትርጉሞች ዝም ብለው አንድ ላይ የወደቁ እንዳይመስልሽ። ዘር አላቸው። ፑት ማስቀመጥ ነው፣ ኦፍ ደግሞ ከሆነ ነገር ላይ መራቅን፣ መለየትን የሚያሳይ ቃል ነው። ድሮ ፑት ኦፍ ከገላ ላይ ልብስና ጫማ ማውለቅ ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው በንጉሥ ጄምስ ዘመን በተተረጎመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሙሴ ቁጥቋጦው ፊት ሲቆም «ፑት ኦፍ ዛይ ሹዝ» ይባላል፣ ጫማህን አውልቅ ማለት ነው። ታሪኩን በእኛ ወሎ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም ስለሚያውቀው ለማስታወስ አይከብድም። ዛሬ በዚህ ትርጉም የሚጠቀምበት የለም፣ ልብስ ለማውለቅ ቴክ ኦፍ ነው የሚባለው። ግን «ከራስ ማራቅ» የሚለው ሐሳብ አልጠፋም። ስብሰባን ከዛሬ ስታርቂው ማስተላለፍ ይሆናል። ሰውን ከአንድ ነገር ስታርቂው ደግሞ ፍላጎቱን ማጥፋት፣ ማስጠላት፣ ማሸሽ ይሆናል።

ሰው ላይ ሲመጣ ሦስት መልክ አለው፣ ብዙ ጊዜ የምታገኚው የመጀመሪያውን ነው።

የመጀመሪያው ያልኩሽ ፍላጎት መዝጋት ነው። «ዘ ፎግ ኦን ሐረጎ ፑት ሚ ኦፍ ድራይቪንግ አት ናይት» ብትዪ፣ የሐረጎ ጉም ማታ ማታ መንዳት አስጠላኝ ማለትሽ ነው። ክረምት ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይተረጎምለት ይረዳዋል። «ዘ ስሜል ፑት ሚ ኦፍ ማይ ፉድ» ደግሞ አለ። እዚህ ጋ አማርኛችን ቁልጭ ያለ አቻ አለው፦ ሽታው ምግብ ዘጋኝ። «ዘ ፕራይስ ፑት ሂም ኦፍ»፣ ዋጋውን ሲሰማ ሐሳቡን ተወ። እንግዲህ አስተውዪ፣ በሦስቱም ላይ አድራጊው ሰው አይደለም። ጉም ነው፣ ሽታ ነው፣ ዋጋ ነው። የእናንተ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ረጅም ቅጽ ነው። ነገር ሰውን ፑት ኦፍ ካደረገው ይሄኛው ትርጉም ነው ብለሽ ብትወስጂ ብዙም አትሳሳቺም። ከዚሁ የወጣ ቅጽልም አለ፣ ኦፍ ፑቲንግ። ኦፍ ወደ ፊት ዞረች። ደስ የማይል፣ ሰው የሚያሸሽ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሰው ሰውን ፑት ኦፍ ሲያደርግ ነው። ሰኞ ገበያ ዱቤ የሰጠሽው ሰውዬ ቅዳሜ ና ይላል፣ ቅዳሜ ስትሄጂ ማክሰኞ ይላል፣ ማክሰኞ ስትሄጂ ስልኩን አያነሳም። «ሂ ኪፕስ ፑቲንግ ሚ ኦፍ» ትያለሽ፣ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሰኛል። ይሄኛው ወደ ማስተላለፍ ይጠጋል፣ ግን የሚገፋው ቀኑ ብቻ አይደለም፣ አንቺም ነሽ የምትገፊው። «ኪፕስ» የምትለዋን ካየሽ ወይም «ዊዝ ኤክስኪዩዝስ» የሚል ከተከተለ፣ ማለትም በሰበብ አስባቡ ከተባለ፣ ይሄኛው መሆኑን ዕወቂ።

ሦስተኛው ሐሳብ መበተን ነው፣ በብዛት የእንግሊዞች አነጋገር ነው። የተሰፋ ልብስ እየቆጠርሽ፣ 46፣ 47 ላይ ስትደርሺ ከጎንሽ ያለችው ልጅ ስትስቅ ቁጥሩ ጠፋሽ እንበል። «ስቶፕ ላፊንግ፣ ዩ አር ፑቲንግ ሚ ኦፍ!» አታዘናጊኝ እንጂ!

ስለ አሰካኩ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ምክንያቱም ፈተና ላይም ሥራ ላይም ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ተሳቢው ስም ከሆነ ሁለቱም ይሆናል፣ «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ወይም «ፑት ዘ ሚቲንግ ኦፍ»። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሐል መግባት አለበት። «ፑት ኢት ኦፍ» ነው እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም፣ በፍጹም። በእኛ ቋንቋ «አስተላለፈው» ስንል «እሱን» የምትለዋ ግሱ ላይ ተለጥፋ አንድ ቃል ሆናለች አይደል? እነሱ ግሳቸው ሁለት ቃል ስለሆነ መሐሉ ላይ ነው የሚያስገቧት። የሰው ስም ወይም ሰው ላይ የሚመጣው ትርጉም ሲሆን ደግሞ መሐል ማስገባት ይመረጣል፣ «ፑት ሚ ኦፍ»፣ «ፑት ሃና ኦፍ»።

ሌላ ግስ ከተከተለውም «ቱ» የሚባል ነገር የለም። «ሺ ፑት ኦፍ ጎዊንግ ቱ ዘ ክሊኒክ» ነው፣ ክሊኒክ መሄዱን ለሌላ ቀን አለችው። «ፑት ኦፍ ቱ ጎ» ስህተት ነው። ፑት ባለፈ ጊዜም ያው ፑት ስለሆነች «ዜይ ፑት ኢት ኦፍ» የሚለው የትናንቱ ነው ወይስ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው የሚለውን የምትለዪው ከዙሪያው ነው።

እና ደግሞ ጆሮሽን አዘጋጂ። ሲናገሩት ሁለቱ ቃላት ተያይዘው «ፑቶፍ» ነው የሚሆነው፣ አሜሪካዊ ከሆነማ «ፑዶፍ» ሁሉ ይመስላል። ጫናው ኦፍ ላይ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ፈጠን ብሎ ሲናገር ፑት የምትባል ቃል ያልሰማሽ ቢመስልሽ አይግረምሽ።

«አንድ ቃል እንዴት ሁለት ነገር ይሆናል» ላልሽው፣ የእኛው አማርኛም እኮ እንዲሁ ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «አለ» ማለት መናገር ነው ተብሎ ይማራል። ከዚያ «ልጁ ቁጭ አለ» ይመጣበታል። ልጁ ምን ብሎ ተናገረ? «ጋሼ ብድግ አሉ»፣ «ዝናቡ ቀጥ አለ»፣ «መኪናው ዘንበል አለ»። መኪና ምን ይላል? እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሙሉውን እንደ አንድ ቃል ስለሰማነው አለ የምትለዋን ነጥለን አናያትም። ፑት ኦፍም እንደዚያው ነው መያዝ ያለበት። ፑትን ለብቻ፣ ኦፍን ለብቻ ተርጉሞ መደመር አያዋጣም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ከሰዋስው ጋር ባይገናኝም ሰው ቀጠሮ ያስቀረዋል። «ፑት ኦፍ አንቲል ሰርዝዴይ አት ቱ ፒኤም» የሚል ቢለጠፍ፣ ሁለት ሰዓት ብለሽ ጠዋት እንዳትሄጂ። ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ቀኑም በፈረንጅ ከተጻፈ እንደዚሁ። ሜይ 10 የእኛ ግንቦት 2 ነው። ስብሰባ የሚተላለፍበት ማስታወቂያ ላይ አዲሱን ቀንና ሰዓት ሁለት ጊዜ ማየት አይከፋም።

አሁን ደግሞ ማስታወቂያውን ለሚጽፉት ሰዎች አንድ ነገር ልበል፣ ይህን ዓምድ ካነበቡት። እባካችሁ በአማርኛም ለጥፉ። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ልጅ የምትወዳደረው በስፌት ዕውቀቷ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ያለች አንዲት ፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም እንደ ፑት ኦፍ ከአንድ በላይ ቃል የተሠራች ግስ፣ ከውድድሩ ልታስወጣት አይገባም። በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፍ ግድ ከሆነ ደግሞ ፖስትፖንድ በሉ። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ፑት ኦፍ ይቀላል ብሎ ያስባል፣ አጭር ስለሆነና ከሕፃንነቱ ስለለመደው። ለእኛ ግን ተቃራኒው ነው። ፖስትፖን ረዘም ቢልም ትርጉሙ አንድ ነው፣ መዝገበ ቃላት ላይ ፈልገሽ አንዴ ካገኘሽው ጨረስሽ። ፑት እና ኦፍ ግን ሁለቱንም እያወቅናቸው ነው የሚያታልሉን። ለሁለተኛው ዓረፍተ ነገርም «ኢቨን ኢፍ ዘ ፎርም ኢዝ ሎንግ፣ ፕሊዝ ፊል ኢት ኢን» ቢባል ኖሮ ጓደኛሽ ዛሬ አይከፋትም ነበር።

እሷን በተመለከተ፣ አስተዳደር ሄዳ ሁኔታውን ብታስረዳ እመክራለሁ። ማስታወቂያውን አሳይታ «ይህን እንዲህ ነበር የተረዳሁት» ማለት ነውር የለውም። ቢያንስ ለሚቀጥለው ዙር ይመዘግቧታል፣ ማስታወቂያ የሚጽፈውም ሰው ይማርበታል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ነው፣ ጡረተኛ ነኝ። እኔ ተማሪ ሳለሁ መብራት ለማጥፋት «ፑት ኦፍ ዘ ላይት» ብለው ነው ያስተማሩን። አሁን ልጄ «አባባ፣ ተርን ኦፍ ነው፣ ፑት ኦፍ ስህተት ነው» ትለኛለች። በዚህ ጉዳይ ላይ ቤታችን ውስጥ ስምምነት ጠፍቷል። ይፍረዱን።

መልስ፦ ጤና ይስጥልን ጋሼ። እርስዎ አልተሳሳቱም። «ፑት ኦፍ ዘ ላይት» በእንግሊዞች እንግሊዝኛ ውስጥ ያለ አነጋገር ነው፣ መዝገበ ቃላትም ይመዘግበዋል። ናይጄሪያና ኡጋንዳ ዛሬም ድረስ የሚሰማ ነው። ልጅዎም ግን እውነት አላት፣ ዛሬ በብዛት የሚባለው ተርን ኦፍ ወይም ስዊች ኦፍ ነው። ፈተና ላይ እነዚህን ብትጽፍ ይሻላታል፣ አሜሪካዊ ጋ ሲሆን ደግሞ ፑት ኦፍ ግር ያሰኘዋል።

ለሁለታችሁም የሚሆን አንድ ጭማሪ፦ መብራት ሄዶ ሻማ ወይም ፋኖስ አብርታችሁ ከሆነ፣ እሱን ለማጥፋት ፑት አውት ነው የሚባለው። ለእሳትም እንደዚያው፣ ፑት አውት ዘ ፋየር። ነበልባል ካለው ፑት አውት በሉ። ማብሪያ ማጥፊያ ካለው ተርን ኦፍ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ደሴ። ፑት ኦፍ፣ ኮል ኦፍ፣ ዲሌይ ይምታቱብኛል። መምህራችን ነግሮናል፣ ግን ጥያቄ ላይ ሲመጣ እሳሳታለሁ። ምሳሌ ቢሰጡኝ።

መልስ፦ ምሳሌውን ከኦሊምፒክ ልስጥህ፣ አይረሳህም።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2020 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ላይ ሊጀመር ነበር። ኮሮና መጣ። መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ላይ ውድድሩ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲገፋ ተወሰነ፣ ሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ ስሙ ግን «ቶኪዮ 2020» እንደሆነ ቀረ። ሰለሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ያመጣው እዚያ ላይ ነው። ይህ ፑት ኦፍ ነው። ጊዜው ተገፋ፣ ነገሩ ግን ተካሄደ።

ያችው ቶኪዮ በ1940 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ እንድታዘጋጅ ተመርጣ ነበር። ጃፓን ከቻይና ጋር ጦርነት ውስጥ ስለገባች በ1938 እ.ኤ.አ. ዝግጅቱን ተወችው፣ ለሄልሲንኪ ተሰጠ፣ ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና እስከነጭራሹ ቀረ። የ1944ቱም አልተካሄደም። ይህ ኮል ኦፍ ነው። ተሰረዘ፣ ሌላ ቀን የለውም።

ስለዚህ ጥያቄው ላይ አዲስ ቀን ተጽፎ ካገኘህ፣ አንቲል የምትል ቃል ካየህ፣ ኮል ኦፍን ወዲያው ጣለው። የተሰረዘ ነገር «አንቲል» አያስከትልም።

ዲሌይ ደግሞ መዘግየት ነው። ኮምቦልቻ ኤርፖርት የመጣህበት አውሮፕላን በጉም ምክንያት አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢነሳ ዲሌይድ ነው የሚባለው፣ ፑት ኦፍ አይባልም፣ ምክንያቱም ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ለሌላ ቀን እናድርገው ብሎ አልወሰነም። ፑት ኦፍና ኮል ኦፍ ላይ ከጀርባ የወሰነ ሰው አለ። ዲሌይ በራሱም ይመጣል።

ለፈተናው ብለህ የፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር ከነትርጉሙ እየሸመደድክ ከሆነ አሠራርህን ቀይር። ደብተርህ ላይ «ፑት ኦፍ፦ ማስተላለፍ» ብለህ አትጻፍ። «ፑት ኦፍ ኤ ሚቲንግ» ብለህ ከነተሳቢው ጻፍ፣ ከሥሩ «ፑት ሰምዋን ኦፍ» ብለህ ሰው ያለበትን ሌላውን ጻፍ፣ ለእያንዳንዱም ከራስህ ሰፈር አንድ ዓረፍተ ነገር ሥራለት። ከላይ ለኮምቦልቻዋ እህታችን የጻፍኩትንም አንብበው፣ «ፑት ኢት ኦፍ» ያልኳት ላንተም ነው። ምርጫዎቹ ውስጥ «ፑት ኦፍ ኢት» የሚል ካየህ ሳታመነታ እለፈው።